ምጣዱ ሲጣድ ብሬከሩ የሚጥለው ለምንድን ነው? ሽቦውን፣ ሳጥኑንና ብሬከሩን ስለማመጣጠን

ጥያቄው፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የእንጀራ ምጣዳችን ላይ 3750 ዋት፣ 220 ቮልት የሚል ተጽፏል። የምንሰካው ወጥ ቤት ካለው ሶኬት ነው። ምጣዱ ብቻውን ሲሆን ችግር የለም። ስቶቩ አብሮ ሲሰካ ግን አራት አምስት እንጀራ እንደወጣ ባለ 16ቱ ብሬከር ይጥላል። የጠራነው ሠራተኛ በ32 ልቀይረው አለን። ከሶኬቱ በላይ ያለችውን ክብ የመገናኛ ሳጥን ሲከፍታት ደግሞ ናስትሮው ቀልጦ፣ ሽቦው ጠቁሮ አየን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በስልክ ሲሰማ "12 ጌጅ ለ20 አምፔር ይበቃል" አለኝ። ብሬከሩን ብቻ ብንቀይር አይበቃም? ካልበቃስ ሽቦው ባለ 4 ይሁን ባለ 6? ሳጥኑስ?»

መልስ፦

ወደ ስሌቱ ሳልገባ አንድ ነገር ልለምንዎት። ባለ 32ቱ ብሬከር አይግባ። ገብቶ ከሆነም ዛሬውኑ ይውጣ። ያቺ ሳጥን እስክትሠራ ድረስ ደግሞ በዚያ ሶኬት ምጣድ አይሰኩ። አሁን ቤትዎን እየጠበቀ ያለው ያ የሚያስቸግርዎ ባለ 16 ብሬከር ነው።

ብዙ ሰው ብሬከር የሚጠብቀው ዕቃውን ይመስለዋል። «ምጣዱ ትልቅ ስለሆነ ትልቅ ብሬከር ይፈልጋል» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ብሬከር ስለ ምጣዱ ምንም አያውቅም። ሥራው ከእሱ ወዲያ ያለው ሽቦ፣ መገናኛና ሶኬት እንዳይቃጠሉ ማድረግ ነው። ስለዚህ የብሬከሩ ቁጥር የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ዕቃው ስንት አምፔር እንደሚስብ ይታወቃል። ከዚያ ሽቦው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማያያዣና ሶኬቱ እያንዳንዳቸው ስንት እንደሚችሉ ይታያል። ብሬከሩ ዕቃው ከሚስበው ማነስ የለበትም። ከመስመሩ ደካማ ቦታ አቅምም መብለጥ የለበትም። በእነዚህ ሁለት ልኮች መካከል የሚገባ ቁጥር ከጠፋ፣ መስመሩ መጠንከር አለበት ማለት ነው።

የእርስዎን እናስላ። 3750ን ለ220 ሲያካፍሉ 17 አምፔር ይመጣል። ስቶቩ 1500 ዋት ነው ብንል ወደ 7 አምፔር ይስባል። ሁለቱ አንድ ላይ 24 አምፔር ናቸው።

ታዲያ ብሬከሩ ለምን ወዲያው አልጣለም? ለምንስ አራተኛው እንጀራ ላይ? ብሬከሩ ውስጥ ሲሞቅ የሚጎብጥ ቀጭን የብረት ቅጠል አለ። ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ነው። ከደረጃው ትንሽ ያለፈ ጭነት ሲያገኘው ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ይጎብጣል፣ በመጨረሻ ይለቃል። የቤት ብሬከር የሚሠራበት ደንብ እንዲህ ነው፦ ከደረጃው እስከ 1.13 እጥፍ ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ መጣል የለበትም። 1.45 እጥፍ ከደረሰ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የግድ መጣል አለበት። ለባለ 16 ብሬከር እነዚህ ሁለት ልኮች 18 አምፔር እና 23 አምፔር ናቸው። ምጣዱ ብቻውን 17 ስለሆነ ዝም ይላል። ስቶቩ ሲጨመር 24 ይሆናል፣ ከላይኛው ልክ ያልፋል። ጥቂት ደቂቃ ታግሶ ይጥላል። ብሬከርዎ ጤነኛ ነው።

አሁን በዚሁ ስሌት ባለ 32ቱን እንየው። ዝቅተኛው ልክ 36 አምፔር ነው። ማለትም በዚያ መስመር 36 አምፔር እየሄደ ብሬከሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ዝም ሊል ይችላል። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች የወጥ ቤት ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ ነው። የእርስዎም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ባለ 2.5 ሽቦ ጥሩ ሁኔታ ላይ ሆኖ የሚችለው 24 አምፔር ነው። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠር ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይጨምርም፣ በካሬው ነው የሚጨምረው። አምፔሩ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። የሽቦው ፕላስቲክ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ እንዲችል ነው። ብሬከሩ ዝም ብሎ እያየ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይበስላል።

አሁን ስለ ሽቦው። «ባለ 4» ስንል የመዳቡ ስፋት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው ማለታችን ነው። ላዩ ላይ ያለውን ፕላስቲክ አይጨምርም። የመዳብ ሽቦ ተራ የፒቪሲ ልባስ ለብሶ፣ ግድግዳ ላይ ወይም ውስጥ ባለ ቱቦ ብቻውን ሲሄድ፣ አካባቢው 30 ዲግሪ ሲሆን የሚችለው በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ፣ በአይኢሲ 60364 ሰንጠረዥ የተቀመጠ ነው። ባለ 1.5 ሽቦ 17.5 አምፔር ይችላል። ባለ 2.5 ሽቦ 24፣ ባለ 4 ሽቦ 32፣ ባለ 6 ሽቦ 41፣ ባለ 10 ሽቦ 57 ይችላል። እነዚህን አምስት ቁጥሮች ማንም የቤት ባለቤት ቢይዛቸው ይጠቅሙታል።

ግን ቁጥሮቹ እንዳሉ የሚሠሩበት ቤት የማገኘው አልፎ አልፎ ነው። «ብቻውን ሲሄድ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ነገር ናት። አንድ ቱቦ ውስጥ ሁለት የተጫኑ መስመሮች አብረው ከሄዱ አንዱ ሌላውን ያሞቀዋል። አቅማቸው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ሦስት ሲሆኑ ወደ 70 በመቶ። የእኛ ሠራተኞች ደግሞ አዲስ ቱቦ ላለመቅበር ብለው የወጥ ቤቱን፣ የሻወሩንና የመብራቱን ሽቦ አንድ ቱቦ ውስጥ ሲጎትቱ ብዙ ጊዜ አያለሁ። እዚያ ውስጥ ያለ ባለ 2.5 ሽቦ 24 መሆኑ ቀርቶ 17 ይሆናል። የእርስዎ ምጣድ ብቻውን 17 ነው።

ሁለተኛው የአካባቢው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ግድግዳ ውስጥ 30 ዲግሪ ብዙም አያሳስብም። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከሆነ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን ቱቦው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚያልፍ ከሆነ እንደዚያው ነው። 40 ዲግሪ ላይ አቅሙ ወደ 87 በመቶ ይወርዳል። ሦስት መስመር አንድ ቱቦ ውስጥ በ40 ዲግሪ ሲሄድ ባለ 4 ሽቦ 32 በ0.7፣ ከዚያ በ0.87 ተባዝቶ 19.5 አምፔር ላይ ይቀራል። በዚያ ሁኔታ ባለ 20 ብሬከር እንኳ አይገባበትም። ባለ 6 ሽቦ ግን 25 ይተርፈዋል።

እንግዲህ ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው። ለምጣዱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ተነስቶ ሌላ ምንም የማይሰካበት የራሱ መስመር ይዘርጉ። ሽቦው ባለ 4 ይሁን፤ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ፣ ሦስቱም። ብሬከሩ ባለ 20 ይሁን። ምጣዱ 17 ይስባል፣ ብሬከሩ 20 ነው፣ ሽቦው ከሌላ አንድ መስመር ጋር ቱቦ ቢጋራ እንኳ 25.6 ይችላል። ሦስቱም በቅደም ተከተል ገቡ። ወደፊት 4000 ዋት የሚል ምጣድ ቢገዙ 18 አምፔር ነው፣ ያው ይበቃል። ሶኬቱ ባለበት ባለ 16 ብሬከሩና ባለ 2.5 ሽቦው ይቆይ፤ ለስቶቩ፣ ለፍሪጁና ለሻይ ማፍያው። ሳጥኑ ግን መጠገን አለበት።

«ባለ 2.5 ሽቦ ከባለ 20 ብሬከር ጋር አይሆንም ወይ?» የሚል ባለሙያ ይኖራል። ብቻውን በቱቦ ከሄደ በቁጥር ደረጃ ያልፋል፣ 24 ከ20 ይበልጣልና። እኔ ግን ለምጣድ አላደርገውም። ምጣድ እንደ ሻይ ማፍያ ለአምስት ደቂቃ በርቶ አይጠፋም። የሳምንት እንጀራ ሲጋገር ሁለት ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ ይበራል። ሽቦውም፣ መገናኛውም፣ ብሬከሩም የመጨረሻ ሙቀታቸው ላይ ይደርሳሉ። በዚያ ላይ ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ ቱቦ በሌላ ሽቦ ይሞላዋል። በባለ 2.5 እና በባለ 4 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለዚህ ሁሉ የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ነው።

ቤታቸው ግቢ ያለው፣ ማድ ቤታቸው ጓሮ የሆነ አንባቢዎች ደግሞ ርቀቱንም ያስቡ። ማድ ቤቱ ከቆጣሪው 30 ሜትር ቢርቅ፣ በባለ 2.5 ሽቦ 17 አምፔር ሲሄድ መንገድ ላይ 9 ቮልት ይቀራል። በባለ 4 ወደ 5.6፣ በባለ 6 ደግሞ ወደ 3.7 ይወርዳል። 9 ቮልት ትንሽ ይመስላል። ግን የምጣድ ኃይል ከቮልቱ ጋር በካሬ ነው የሚወርደው። የመስመሩ መብራት ራሱ ደክሞ 200 አካባቢ በሚሆንበት ሰዓት ያ 9 ሲጨመርበት፣ 3750 ዋት የተባለው ምጣድ 2800 ገደማ ላይ ይቀራል። እናቶች «ምጣዱ አልሰማ አለ፣ እንጀራው ዐይን አላወጣም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሊጡ አይደለም። ለረጅም ርቀት እኔ ባለ 6 ነው የምዘረጋው።

ሽቦ ሲገዙ ስሙን ብቻ አይመኑ። ጫፉን በቢላ ትንሽ ይፋቁት። ውስጡ እንደ ብር ከነጣ ሽቦው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ 60 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ለእሱ አይሠሩም። ብሎን ሥር ሲገባም እየተጨፈለቀ ይላላል። ውፍረቱንም ይለኩ። ባለ አንድ ዘንግ ከሆነ ባለ 2.5 ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 4 ደግሞ 2.25 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የውፍረት መለኪያ (ካሊፐር) የሌለው ሠራተኛ ካጋጠመዎት፣ የታወቀ ሽቦ ቁራጭ ይዞ እንዲያስተያይ ይጠይቁት። ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

አሁን ወደዚያች ሳጥን። ከጥያቄዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሷ ናት።

እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ሳጥኖች ከፍቻለሁ። አንዷን ልንገርዎ። ክዳኗ ነጭ ነበር፣ መሃሉ ወደ ቡኒ ተቀይሯል። በካቻቢቴ ሳነሳው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። ውስጡ ሦስት ሽቦ አንድ ላይ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው እንደ ማር ፈሶ ግርጌው ላይ ረግቷል። የሽቦውን ልባስ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰበረ። መዳቡ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ጥቁር ሐምራዊ ሆኗል። ከዚያች ጥምዝ አንድ ክንድ ርቄ ያንኑ ሽቦ ስፈትሸው ግን አዲስ ነበር፣ ልባሱም ለስላሳ። ያ ሁሉ ሙቀት የተፈጠረው መገናኛው ላይ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የላላ ወይም የተጠመዘዘ ብቻ የሆነ መገናኛ አንድ አስረኛ ኦም እንኳ ቢቋቋም፣ 17 አምፔር ሲያልፍበት 17 በ17 በ0.1 ሆኖ ወደ 29 ዋት ይሰጣል። የሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ካውያ 30 ዋት አካባቢ ነው። ያንን ካውያ ክዳን ባላት ትንሽ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስገብተው ሦስት ሰዓት ሰክተውት ያስቡ። እርስዎ እንጀራ በጋገሩ ቁጥር ከሶኬቱ በላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ሲሞቅ መዳቡ ላይ ዝገት መሰል ሽፋን ይፈጠራል፣ ሽፋኑ መቋቋሙን ይጨምራል፣ መቋቋሙ ሙቀቱን ይጨምራል። በራሱ አይሻሻልም፤ እየባሰ ነው የሚሄደው። ብሬከሩ ደግሞ ይህን ፈጽሞ አያየውም። በመስመሩ የሚሄደው አምፔር አልተለወጠምና።

ስለዚህ ሳጥን ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታያል፤ ማያያዣው ስንት አምፔር ይችላል፣ ሳጥኑስ ውስጡ ቦታ አለው ወይ።

ማያያዣ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ የሚቀበለው የሽቦ ውፍረት ነው፣ ሌላው አምፔሩ ነው። ለባለ 4 ሽቦ የተሠራ ማያያዣ 32 አምፔር፣ ለባለ 6 ደግሞ 41 አምፔር የሚል ይኖረዋል። ከሽቦዎቹ ቁጥሮች ጋር አንድ መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ማያያዣው ከሚገባበት ሽቦ ጋር እኩል እንዲችል ነው የሚሠራው። ለባለ 2.5 የተሠራ ማያያዣ ውስጥ ባለ 4 ሽቦ ጨፍልቆ ማስገባት፣ ወይም ሽቦው እንዲገባ ብሎ ሁለት ሦስት ክሩን በፒንሳ ቆርጦ መጣል፣ ወፍራም ሽቦ የገዛንበትን ምክንያት ያጠፋዋል። ባለ ብሎኑን ከተጠቀሙ ብሎኑ በደንብ ይጥበቅ፣ ሽቦው ተጎትቶ ይፈተሽ። ማንሻ ያላቸው፣ ሽቦ አስገብቶ ቀጭ የሚደረጉት ለቤት ሥራ ይመቹኛል። ከታወቀ አምራች ከሆኑና ቁጥራቸው ላያቸው ላይ ከተጻፈ ማለቴ ነው። ቁጥር ያልተጻፈበትን ማያያዣ ለመብራት እንኳ አልጠቀምም። ናስትሮ መሸፈኛ እንጂ ማያያዣ አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይሳታል። ሳጥን ውስጥ ባለ 4 ሽቦ ገብቶ ባለ 2.5 ሆኖ ከወጣ፣ ብሬከሩ የሚለካው በባለ 2.5ቱ ነው። «ዋናውን በባለ 4 ቀይሬልሃለሁ» ተብሎ ባለ 25 ብሬከር የተገጠመባቸው፣ ከሳጥኑ ወዲያ ግን አሮጌው ሽቦ የቀረባቸው ቤቶች አሉ። ሠራተኛው ሲጨርስ «ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ አንድ ዓይነት ውፍረት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁት።

ቦታውን በተመለከተ የወንድምዎ አሜሪካ ጥሩ መለኪያ አላት። በአሜሪካ ኮድ እያንዳንዱ ወደ ሳጥን የሚገባ ሽቦ እንደ ውፍረቱ የተወሰነ የአየር ቦታ ይሰጠዋል። ለ12 ጌጅ (ጌጅ የእነሱ የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው) 2.25 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ በእኛ 37 ሲሲ ገደማ። ለ10 ጌጅ 2.5፣ በእኛ 41 ሲሲ። የኧርዝ ሽቦዎች እስከ አራት ድረስ ተደምረው እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ይህ ደንብ እኛን አያስገድደንም። ግን አንድ ሳጥን መሞላቱን ለማወቅ እኔ ሁልጊዜ ልቤ ውስጥ አሰላዋለሁ።

የእርስዎን ሳጥን በዚህ እንለካት። ክብ ናት፣ ብዙ ጊዜ 6.5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖራቸዋል። ይህ 133 ሲሲ ገደማ ይይዛል። አንድ መስመር ገብቶ ወደ ሁለት ሶኬት ከተከፈለ ሦስት ፌዝ፣ ሦስት ኒውትራልና እንደ አንድ የሚቆጠር ኧርዝ አለ። ሰባት በ37 ማለት 259 ሲሲ ነው። የሳጥኗን እጥፍ ያህል። ሠራተኛው ክዳኑን በመዳፉ ተጭኖ ነው የዘጋው ማለት ነው። ሲጫነው ጥምዙ ይላላል፣ ልባሱ ይፋቃል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። 10 በ10 ሆኖ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አራት ማዕዘን ሳጥን 500 ሲሲ ይይዛል። ሦስቱን መስመር ከነማያያዣዎቻቸው ተመችቷቸው ያሳድራል። ግድግዳውን ትንሽ መፈልፈል ይጠይቃል፤ ግን አቧራው የአንድ ቀን ነው። ወጥ ቤት ስለሆነ አቧራና የሚረጭ ውሃ የሚከላከል፣ አይፒ 55 የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። የጠቆረው ሽቦ ጫፍ ደግሞ ጤነኛው መዳብ እስኪገኝ ይቆረጥ። ቀሪው ካጠረ ከማከፋፈያው ጀምሮ አዲስ ይጎተት። የተቃጠለ ጫፍ አዲስ ማያያዣ ውስጥ ቢገባ ያው ሙቀቱ ይመለሳል።

ለምጣዱ አዲስ መስመር ግን የመገናኛ ሳጥን ባይኖረው ነው የምመርጠው። ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ ማጥፊያ ድረስ ሽቦው ሳይቆረጥ አንድ ወጥ ሆኖ ይሂድ። የኮንዶሚኒየሙ ቱቦ ሞልቶ አልጎተት ካለ፣ ግድግዳው ላይ በሚለጠፍ የፕላስቲክ የሽቦ ቦይ (ትራንኪንግ) ይምጣ። ለዓይን ትንሽ ይከብዳል፤ ሽቦው ግን ብቻውን ስለሆነ ሙሉ 32 አምፔሩን ይይዛል፣ ነገም ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል።

ጫፉ ላይስ ምን ይገጠም? እኛ አገር የምንጠቀመው ክብ ሶኬት ቢበዛ 16 አምፔር ነው። ምጣድዎ 17 ነው። ልዩነቱ አንድ አምፔር ቢሆንም፣ ሦስት ሰዓት ሲቆይ የሶኬቱን መንጋጋ ያላላዋል። ሶኬቱ ዙሪያውን ቢጫ ሆኖ ካዩት ይህ ጀምሯል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቆርጥ ባለ 32 አምፔር ማጥፊያ ይደረግ፣ የምጣዱም ገመድ በቀጥታ በብሎን ይታሰርበት። ምጣዱ ከቦታ ቦታ የሚነሳ ከሆነ ሰማያዊው ባለ 32 አምፔር የኢንዱስትሪ ሶኬትና ፒን ይሻላል። በዲቫይደር ግን ፈጽሞ አይሰካ። አብዛኛው ዲቫይደር ውስጥ ያለው ሽቦ ባለ 1.5 ወይም ከዚያ የቀጠነ ነው።

ወንድምዎ ያለው ስህተት አይደለም፣ አገሩ ነው የተለየው። የአሜሪካ ጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 14 ጌጅ 2.08፣ 12 ጌጅ 3.31፣ 10 ጌጅ 5.26 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የእሱ 12 ጌጅ በእኛ ባለ 2.5 እና ባለ 4 መካከል ነው የሚወድቀው። «12 ለ20» የሚለውን ሰምቶ ባለ 2.5 መግዛት ከእሱ ሽቦ የቀጠነ መግዛት ነው። እዚያ ደግሞ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚበራ ጭነት ብሬከሩ ከሚሳበው አምፔር በ25 በመቶ ከፍ እንዲል ይጠየቃል። ለእርስዎ ምጣድ ቢሰላ 21 አምፔር ይሆናል፣ እነሱ ባለ 25 ብሬከርና 10 ጌጅ ይጠቀሙ ነበር። ሽቦዎ ባለ 4 ሆኖ ቱቦው ውስጥ ብቻውን ከሄደ እርስዎም ባለ 25 ቢያስገቡ አልቃወምም። እሱ ራሱ እዚያ ምጣድ ካለው ደግሞ ስንት ቮልት እንደሆነ ይጠይቁት። የእነሱ ተራ ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ፣ በእሱ የሚሠሩት ምጣዶች 1500 ዋት አካባቢ ናቸው፤ የሱን ቁጥር ወደ እርስዎ ምጣድ ማምጣት አይቻልም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛው ዋናው መስመር ነው። ምጣድ 17፣ ስቶቭ 7፣ የሻወር ማሞቂያ 1500 ዋት ከሆነ ሌላ 7፣ ፍሪጅና መብራት ሁለት ብንል 33 አምፔር ደረሰ። ማከፋፈያው ውስጥ ያለው ዋና ብሬከር ባለ 32 ከሆነ ሁሉም አንድ ላይ ሲበራ ከደረጃው ያልፋል፤ ሌላ ዕቃ ሲጨመርበት ሊጥል ይችላል። ያኔ ዋናውን ብሬከር በራስዎ አይቀይሩ። ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ የሚችለው ስንት እንደሆነ ሳይታይ አይነካም። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የሻወር ማሞቂያውን ማጥፋት ይበቃል። የማይበቃ ከሆነ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቶ አቅም ማስጨመር ነው።

ሁለተኛው ኧርዝ ነው። ምጣድ የብረት እግርና ጠርዝ አለው፣ የሚሠራበት ሰው እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ሊጥና ውሃ የነካው ነው። ውስጡ ያለው የጋለ ሽቦ ብረቱን ቢነካ ባለ 20 ብሬከር ሰው ለማዳን አይደርስም፤ ሰውን የሚገድለው ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ነው። የኧርዝ ሽቦው ከብረቱ እስከ ማከፋፈያው ሳይቋረጥ ይድረስ። ለዚህ መስመር ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ወይም ወደ ሰው ሲያፈስ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር (አርሲዲ) ይጨመር። ላዩ ላይ ያለችውን መሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ ይጫኗት፤ ካልጣለች ይቀየር። ከሽቦው ሁሉ በፊት ለዚህ ገንዘብ ያውጡ ብልዎት ደስ ይለኛል።

ሥራውን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ይሥራው። ዋናው ብሬከር ጠፍቶ፣ በቴስተር ተረጋግጦ ማለት ነው። ያችን የጠቆረች ሳጥን ለማየት ብለው እንኳ ራስዎ አይክፈቷት።

ሁሉም ሲያልቅ የመጀመሪያውን ጋገራ እርስዎ ይቆጣጠሩ። አንድ ሰዓት ከጋገሩ በኋላ የእጅዎን ጀርባ ማጥፊያው ክዳን ላይ፣ ከዚያ የአዲሱ ሳጥን ክዳን ላይ፣ ከዚያ ማከፋፈያው ላይ በብሬከሩ ፊት ያሳርፉ። ብሬከሩ ለብ ቢል ያለ ነው፣ ውስጡ የሚሞቅ ቅጠል አለና። ሳጥኑና ማጥፊያው ግን ከግድግዳው ብዙም መለየት የለባቸውም። እጅዎን የሚያስነሳ ቦታ ካገኙ ምጣዱን ያጥፉ፣ አክንባሎውን ይክደኑና ሠራተኛውን መልሰው ይጥሩት። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ብሎን አልጠበቀም።